ጭቃና ደንገል ሲተራረቡ

የጥንቱን የባቢሎን ጸሐፊና የግብፁን ጸሐፊ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጣችሁ «በሉ ቁጥራችሁን አሳዩን» ብትሏቸው፣ ከሒሳቡ በፊት አፋቸው ይቀድማል።

ባቢሎናዊው ይጀምራል፦ «አንተ ሰውዬ፣ ቁጥር ነው የምትጽፈው ወይስ ኩሬ ነው የምትስለው? ሺህህ የውሃ አበባ፣ መቶ ሺህህ የእንቁራሪት ግልገል! ግብር ልትሰበስብ ነው ዓሣ ልታጠምድ?»

«ያንተን ያየማ ዶሮ ጭቃ ላይ ጫረች ነው የሚለው።»

«ብትጭርም በሁለት የሽብልቅ ምልክት ነው፤ አንዱ ለ1፣ አንዱ ለ10፤ 60 ሲሞላ ወደሚቀጥለው ቦታ አልፋለሁ። አንተ 999 ለመጻፍ ዘጠኝ የተጠቀለለ ገመድ፣ ዘጠኝ የከብት ማሰሪያ፣ ዘጠኝ ጭረት ትደረድራለህ። 27 ምልክት! በረት ልትሠራ ነው? እኔ በ19 ሽብልቅ እገላገላለሁ።»

«8 ሽብልቅ ላትርፍ ብለህ ነዋ 1ን ከ60 መለየት ያቃተህ! 1 ስትል አንድ ሽብልቅ፣ 60 ስትል አንድ ሽብልቅ፣ 3,600ም ያው አንድ ሽብልቅ።»

«ከነገሩ ይታወቃል።»

«ከነገሩ ከታወቀማ መጻፉን ምን አመጣው?»

እዚህ ላይ ለባቢሎናዊው ልፍረድለት። ይህ በ60 የሚሄደው አጻጻፍ በአብዛኛው ለስሌት ነበር፤ የዕዳ ውል ላይ ሲሆን መለኪያው አብሮ ስለሚጻፍ፣ አንድ የተበደረ ስልሳ አይከፍልም። በቁጥሩ ውስጥ ምንም የሌለበት ባዶ ቦታ ግን አሳፋሪ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ክፍተት ብቻ እየተዉ ቆይተው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሁለት ዘመም ያሉ ሽብልቆች መሐል ላይ ማስገባት ለመዱ። መጨረሻ ላይ ግን አሁንም ምንም የለም፤ 1ና 60 እንደተምታቱ ቀሩ።

ባቢሎናዊው መቼ ዝም ሊል! «አንተ ደግሞ 2/5 ማለት አቅቶህ 1/3 ከ1/15 ጋር ትላለህ። አሕሞስ የሚባለው ጸሐፊህ፣ 2ን ለጎዶሎ ቁጥሮች ማካፈያ ብቻ እስከ 101 የሚደርስ ሰንጠረዥ ደንገል ላይ ሲገለብጥ ኖረ። እኔ 24 ከ60 ብዬ እንጀራዬን እበላለሁ። 60 እኮ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6 ሳይተርፍ ይካፈላል! ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያየው ሰዓት 60 ደቂቃው የማን ሆነና?»

«24ቱስ? ቀኑን 12፣ ሌሊቱን 12 አድርጌ የከፈልኩት እኔ አይደለሁ?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ቀጠሮ አርፍዳችሁ ስትመጡ ሰዓቱ ከግብፅ፣ ደቂቃው ከባቢሎን ነው፤ ማርፈዱ ግን የራሳችሁ ነው።