ውጥነ-ብዙ ሰው በቦንጋ፦ ስለ ቅድሚያ አሰጣጡ የተደረገ ጥናት

ሳይንስ ለከፋ ዞን ብዙ ደክሟል። የጫካ ቡናው ተጠንቷል፤ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ በጉ ሳይቀር መዝገብ ተከፍቶለታል። ከዚህ ሁሉ መካከል በቦንጋ ከተማ በየበረንዳው የሚገኝ አንድ ፍጡር እስከ ዛሬ አጥኚ አጥቶ መቅረቱ ያሳዝናል። እርሱም ውጥነ-ብዙ ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የጥናቱ ዘዴ ጀበና ቡና ከሚሸጥበት ቦታ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው።

በጉዳዩ ላይ ቀደም ሲል የተባለው ጥቂት ነው። አበው «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ብለው አልፈዋል። ድምዳሜው ትክክል ቢሆንም ጥናቱ በአንዲት ሴት ላይ ብቻ የቆመና ወንዶችን ጨርሶ የዘለለ በመሆኑ፣ የናሙና ችግር አለበት።

የእኛ ናሙና ወንድ ነው። ደመወዝተኛ፣ ባለትዳር፣ ሰላምተኛ ሰው ነው፤ ስሙን ለጥናት ሥነ ምግባር ስንል ትተነዋል። የከፋን ታሪክ እየጻፈ ነው። በካፊኖኖ ቋንቋ የሚነገሩ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንም እየሰበሰበ ነው። የእግዜር ድልድይ የተባለውን የተፈጥሮ ድልድይ ለማየት ለሚመጣ እንግዳ የሚሆን መመሪያ መጽሐፍ ጀምሯል። የቡና ችግኝ አፍልቷል፤ ዘመናዊ ቀፎ ገዝቷል፤ ሙክት ያደልባል፤ ኮረሪማ አሽጎ አዲስ አበባ ለመላክ ሎጎ አሠርቷል። (ኮረሪማው ገና ነው። ሎጎው ግን ያምራል።)

ቀፎውን አጥኚው በዓይኑ አይቶታል። ጓሮ ውስጥ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። ፍሬሞቹ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ውስጡ ጭድ ተጎዝጉዞ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋበታለች። «ንቡ እስኪገባ ነው» አለ ናሙናው። ዶሮዋ አስተያየት ከመስጠት ተቆጥባለች።

የውጥኖቹ ሁሉ መዝገብ አንድ ደብተር ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን «አስቸኳይ» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም አስቸኳይ ሲሆን ልዩነቱ ስለ ጠፋ፣ «በጣም አስቸኳይ» የሚል ማዕረግ ተፈጠረ። እሱም ለሁሉም ተዳረሰ። በመጨረሻ ቀይ እስክሪብቶ ተገዛ። አሁን ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አጥኚው ጥፋቱን በሰውየው ላይ ብቻ ለመጣል አይደፍርም፤ የአየር ንብረቱም አለበት። ደረቅ አገር ቢሆን ተፈጥሮ ራሷ ውጥን ትሰርዛለች፤ ዝናብ ይቀራል፣ ችግኙ ይደርቃል፣ ሰውየው «እግዜር አላለውም» ብሎ በሰላም ወደ ሌላው ይሄዳል። ከፋ ላይ ግን ዝናቡ አይጠፋም፤ ያፈሉት ሁሉ ይበቅላል፤ አጥር አድርገው የተከሉት እንጨት እንኳ ቅጠል ያወጣል። የጀመሩት ነገር አልሞት ሲል ጥሎ መሄድ እንዴት ይቻላል?

መንግሥታዊው ምሳሌም የሚያግዝ አይደለም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. 11ኛው ክልል ሆኖ ሲመሠረት፣ መቀመጫው ቦንጋ ይሁን፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማን ወይስ ቴፒ የሚለው ጥያቄ አራቱም በማድረግ ተፈትቷል። ናሙናችን ይህን አሠራር አብዝቶ ያደንቃል።

ይሁንና ሰውየው ለማስተካከል አልሞከረም ማለት አይቻልም። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ «ዘንድሮ ቅድሚያ ለሚሰጠው ቅድሚያ እሰጣለሁ» ይላል። ባለፈው ዙር የተከተለው ዘዴ ከጫካው የተቀዳ ነበር። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ በቀጠና የተከፋፈለ ነው፦ መሐሉ የማይነካው፣ በዙሪያው መከለያው፣ ከዚያ ወዲያ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት የሽግግር ቀጠና። ናሙናው ውጥኖቹን በዚሁ መልክ ደለደለ። ከሁሉ የሚወደውን የታሪክ መጽሐፍ ከመሐል፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮቹን በመከለያው፣ በግና ቡናውን ከዳር አደረገ። ውጤቱ ሳይንሳዊ ነው። የታሪክ መጽሐፉ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው እጅ አልነካውም።

ባለቤቱ በዚህ ወቅት ጣልቃ ገብታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዱን እንኳ ብትተወው ምናለበት?»

«የትኛውን?»

«የፈለግኸውን!»

«እሱን ለመወሰን አይደል እንዴ የተቀመጥኩት?»

እንግዲህ መምረጥ ማለት ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አዲዮ ወረዳ በቂ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቦንጋ በግ አርቢዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝርያውን በምርጫ ሲያሻሽሉ ቆይተዋል። ወንዱ ጠቦት በስድስት ወሩ ይመዘናል፤ የእናቱ ታሪክ፣ መንታ መውለዷ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ አርሶ አደሮቹ ተሰብስበው፣ ቀንዱን ሳይሆን (የቦንጋ በግ ቀንድ የለውም) ቁመናውን፣ መልኩን፣ ጅራቱን አይተው ጥቂቱን ለአባትነት ያስቀራሉ። ያልተመረጠው ይኮላሻል፣ ይቀለባል፣ ለበዓል ይሸጣል። ማንም ጠቦቱን «ለጊዜው ይቆይ» አይለውም። ከተመረጠው በግ ሌላው ገንዘብ ይሆናል፤ ገንዘቡም የተመረጠውን ይቀልባል። አጥኚው በቅድሚያ አሰጣጥ ላይ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየም፤ ናሙናውም ሲነገረው በጣም ወደደው፤ ወደደውና «ስለዚህማ መጻፍ አለበት» ብሎ ደብተሩን ገለጠ።

ለማነጻጸሪያ አንድ ተቃራኒ ናሙና ተወስዷል። ፍሪድሪሽ ቢበር የተባለው የቪየና ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ ልቡን የሰጠው ለአንድ ነገር፣ ለከፋ ነበር። በ1905 እ.ኤ.አ. ደርሶ አያት። ስለ ከፋ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1920 እና በ1923 ታተመ። በ1924 ሞተ። አጥኚው ይህን ያቀረበው አንድ ነገር ላይ ማተኮር ፍሬ እንደሚያፈራ ለማሳየት ነበር። ናሙናው ግን ዓመተ ምሕረቶቹን በጣቱ ቆጥሮ፣ «አየህ? የጨረሰ ሰው አይቆይም» አለ። መረጃው ይህን አተረጓጎም የሚከለክል አይደለም።

የመጨረሻው ሙከራ ከታሪክ የተወሰደ ነው። የከፋ ንጉሥ ያሻውን ሁሉ ብቻውን አይወጥንም ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. ተማርከው መንግሥቱ እስኪወድቅ ድረስ፣ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች የንጉሡን ሐሳብ ይመዝኑ ነበር። የዘመኑ ሰው ችግር ሥልጣኑ ከንጉሥ መብለጡ ነው፤ በገዛ ጊዜው ላይ «ይቅርብህ» የሚለው የለም። ናሙናው ነገሩ ስለገባው ሰባት ወዳጆቹን መርጦ ቤቱ ጠራቸው። አጀንዳው አንድ ነበር፤ ውጥን መቀነስ።

ስብሰባው በእሑድ ተካሄደ፤ አጥኚውም በታዛቢነት ተገኝቷል። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንደኛው አማካሪ የኮረሪማውን ሎጎ አይቶ ለእሱም የማር ሎጎ እንዲሠራለት ጠየቀ። ሌላው የእግዜር ድልድዩ መጽሐፍ የአካባቢውን ፍልውኃዎች ካላካተተ ጎዶሎ ነው አለ። ሦስተኛው፣ ስብሰባው እንዲህ ፍሬያማ ከሆነ ማኅበር ሆኖ ማኅተም ቢኖረው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ በጭብጨባ ጸደቀ፤ ናሙናውም ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠ። የሚሰረዝ ነገር እንዳለ ሲጠየቅ ሁሉም ደብተሩን በአክብሮት መለሱለት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጓሮ የነበረው ሙክት ለእንግዶቹ ታረደ። አጥኚው ጥናቱን እስከዘጋበት ጊዜ ድረስ ከውጥኖቹ ሁሉ ከፍጻሜ የደረሰው እሱ ብቻ ነው።