ግንድ ይዞ የሚዞር

እኛ ወግዲዎች ውሃ የምናየው ከላይ ወደ ታች ነው። ደጋው ጫፍ ላይ ቆመን፣ ከገደሉ ሥር እንደ ወደቀ መቀነት የተጋደመውን ዓባይ አይተን እናደንቅና ፊታችንን አዙረን ከምንጭ እንቀዳለን። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለሌላው ቅኔ ነው፤ ለእኛ የሰፈር ወሬ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ከተማ መዛወሬን ለእናቴ ስነግራት ስለ ደመወዙ አልጠየቀችም።

«ውሃው ከቤትህ ይርቃል?»

«ሩቅ ነው እማዬ» አልኩ። ከመስኮቴ ይታየኝ ነበር።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው ከተማ ስሟን ከሐይቁ ወስዳለች፤ እንግዳ ሰው እስኪለምደው ይደናገራል። ሐይቅ ሆኜ ሐይቅ እወርዳለሁ፤ ከሐይቅ ወጥቼ ሐይቅ እገባለሁ። 11፡30 ላይ ከቢሮ ስወጣ ወደዚያ መውረድ የጀመርኩት ወንበሩ ወገቤን ስለያዘኝ ነው። ዳር ላይ አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳውን አቁሞ ፀሐይ ያሞቃታል። ታንኳ ስላችሁ ጣውላ እንዳይመስላችሁ፤ የደረቀ ሣር እሥር ናት። ጣናዎች ደንገል በሚሉት ዓይነት ተክል ትታሰራለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ስትጠጣ ትከብዳለች፤ በየጊዜው ወጥታ ካልደረቀች በስብሳ ትቀራለች። ቡና ሲፈላ ከእግራችን ሥር የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ትዝ አለኝና ጉልበቴ ከዳኝ።

«አብሽሩ ጋሼ» አለ ሰውየው። «ታንኳ አይሰምጥም። ሰው ነው የሚሰምጥ።»

በዚህ ተጽናንቼ ተቀመጥኩ። ሐይቁ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ መሆኑን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። እግዜር ሲረዳ በቅደም ተከተል ነው።

መቅዘፊያው አንድ ረጅም ዘንግ ነው፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይሉታል። እኔ ቀኜ ብርቱ ነው። በቀኝ ስቀዝፍ ታንኳዋ ወደ ግራ ትዞራለች፣ ለማቃናት ስቸኩል ደግሜ በቀኝ እቀዝፋለሁ፣ ደግማ ትዞራለች። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ልጅ ሆኜ ግንዱ ያሳዝነኝ ነበር። ለካስ ለራሴ ነው።

ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ ከጣና ደንገል አስጭኖ፣ ከቻድ ሐይቅ ሠሪዎች አስመጥቶ፣ በግብፅ ፒራሚዶች ሥር «ራ» የተባለች ጀልባ አሠርቶ ነበር። ጣና ታንኳ ሠሪ የጠፋ ይመስል! በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊሻገር ብዙ ከተጓዘ በኋላ ጀልባዋ ተፈታታችበት፤ ሰዎቹ ግን ተረፉ። በዓመቱ ሌላ አሠርቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። እኔ በ57 ደቂቃ ከዳሩ 20 ሜትር አልራቅሁም።

ከሥሬ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ይመላለሳል። እሱም እንደኔ የዝውውር ሠራተኛ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተለቀቀ። ልዩነታችን እሱ ወልዶ ከብዶ ባለ ርስት ሆኗል፣ እኔ ገና ቤት ተከራይ ነኝ። ሐይቁ ራሱ መግቢያ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። የእኛን መሥሪያ ቤት የፋይል ክፍል ያስታውሰኛል፤ ገባ የተባለ እንጂ ወጣ የተባለ ወረቀት አልሰማሁም።

አንድ ቀን ነፋስ ገፍቶ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አስጠጋኝ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት ቦታ ነው። ያገሬው ሽማግሎች ሲያወሩ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበድላ ብታለቅስ ፈጣሪ ልዕልቲቱን ከነምድሯ ውሃ አድርጎ፣ ሴትየዋ የተቀመጠችባትን ብቻ ደሴት አድርጎ አስቀረላት ይላሉ። ደሴቲቱ ዛሬ ከየብስ ተያይዛለች። ለሴት የተረፈችው መሬት ላይ ግን ሴት አትገባም፤ ይህን ለእናቴ ብነግራት «ተዋቸው፣ ውሃውም እዚያው ይሁንላቸው» ብላ የምትገላገል ይመስለኛል። ዳር ላይ የቆሙ አንድ አባት ስዞር፣ ስዞር፣ ስዞር ሲያዩኝ ቆዩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ፣ ንስሐ ነው ወይስ ሥራ?»

«መዝናናት ነው አባቴ!»

ዝም ብለው አማተቡብኝ።

ጨለማ ሲይዝ ሰውየው በገመድ ጎትቶ ያወጣኛል። ታንኳዋ የጠጣችው ውሃ ግማሹ እሷ ጋ፣ ግማሹ ሱሪዬ ውስጥ ነው። እናቴ የምትደውለው ደግሞ ሁልጊዜ በዚያች ሰዓት ነው።

«ምንድን ነው የሚንጠባጠበው?»

«ቧንቧ ነው እማዬ።»

«ታድለህ፤ ቤትህ ድረስ ገባልህ?»

መንገድ ላይ የምጠብቀው ባለባጃጅ በመጀመሪያው ሳምንት አላሳፍርም ብሎኝ ነበር። አሁን ገና ከሩቅ ሲያየኝ ፌስታሉን አውጥቶ ወንበሩ ላይ ያነጥፋል።

«ዛሬስ ስንት ዞሩ ጋሼ?»

«ሰባት።»

«ትናንት ዘጠኝ ነበር፤ ተሻሽለዋል» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።