ታየ የሚባለው ግርዶሽ፦ መጠነኛ ጥናት

የጨረቃ ግርዶሽ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚታይ እና ታየ የሚባል። ስለ መጀመሪያው ብዙ ስለተጻፈ ይህ ጥናት የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ለማሳያ የተመረጠው መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ንጋት ላይ በአዲስ አበባ ሰማይ የተከናወነው ነው።

ከሌሊቱ 9፡41 ላይ ጨረቃ ወደ ምድር ስስ ጥላ ገባች። በዚያ ሰዓት ጨረቃ ላይ ቆሞ ፀሐይን የሚመለከት ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ምድር የፀሐይን ጠርዝ ጋርዳበት ባየ ነበር። ከታች ላለነው ግን የጨረቃ ብርሃን ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ የሚቆረጥ ነገር የለም። ቀጥሎ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ለተመራማሪ እጅግ ፍሬያማ ነው፤ ምንም አይታይበትምና። ይሁን እንጂ አላርም ሞልቶ የተነሣ ሰው ባዶ እጁን ወደ አልጋ አይመለስም። ጋቢውን ደርቦ በረንዳ ላይ የቆመው ታዛቢ፣ «ደብዘዝ አላለችም?» ሲል ይጠይቃል። ባለቤቱ ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ፣ «እስቲ ግባና ተኛ» ትለዋለች። ከተሰበሰቡት አስተያየቶች ሁሉ ለሳይንስ የቀረበው ይኸኛው ነው።

ዋናው ጥላ 11፡13 ላይ ደረሰ። ግርዶሹ ጣሪያ በነካበት 11፡44 ላይ የተሸፈነው ከጨረቃ ዲያሜትር 8.5 በመቶ ያህል ነበር፤ ልጅ ጠርዙን ቆንጥሮ የሸሸበት እንጀራ ማለት ነው። የተቆነጠረው በቀኝ በኩል ነው። ይህን አስቀድሞ ያነበበ በቀኝ በኩል አየ። ያላነበበ በግራም፣ ከታችም አይቷል።

ለጥናቱ መሠረት የሆነው ግን የግቢው ጥበቃ ቃል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከጨረቃ ጋር ተፋጠው ያደሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው። «ጋሼ፣ ጨረቃዋን አዩዋት?» ሲባሉ፣ «ምን ሆነች?» አሉ። ከተነገራቸው በኋላ ቀና ብለው ጥቂት ዝም አሉና፣ «አዎ፣ የሆነችውስ ሆናለች» ሲሉ አረጋገጡ። የዚህ ዓይነቱ ግርዶሽ በጆሮ የሚታይ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ማስረጃ አልተገኘም።

ነገሩን ያከበደው ጨረቃዋ ልትጠልቅ መቃረቧ ነው። ወደ አድማስ የወረደች ጨረቃ ግርዶሽ ኖረም አልኖረ ትቀላለች፤ ብርሃኗ የሚያልፍበት አየር ከአናት በላይ ካለው በብዙ እጥፍ የወፈረ ስለሆነ ሰማያዊው ተበትኖ ቀዩ ይቀራል። በረንዳ ላይ ያለው ምስክር ግን ይህን ቅላት ለግርዶሹ ሰጠው። አየሩ ሌላም ማታለያ አለው። ብርሃንን ስለሚያጎብጥ፣ ሜዳማ አድማስ ባለበት ቦታ ጨረቃ ገና መሬት ነካች ስትባል በሂሳብ ጠልቃ አልቃለች። እንግዲህ ምስክሩ ያየው፣ በሌለችበት ቦታ ያለችውን ጨረቃ፣ በሌለበት በኩል ተሸፍና ነው። ለአዲስ አበባ ደግሞ ከምዕራብ የወጨጫ ተራራ ስላለ ሂሳቡ ሳይደርስ ተራራው ይቀድማል። ዋናው ጥላ 12፡16 ላይ ሲለቃት ፀሐይ በምሥራቅ ብቅ ብላ ስለነበር፣ ፍጻሜውን አይቻለሁ የሚል ሰው ካለ ማመልከቻው ለብቻው ይታያል።

በስልክ የተነሡት ፎቶዎችም ተመርምረዋል። አብዛኞቹ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አለ፤ በአንዱ ላይ ሁለት ነጥብ ቢገኝም ሁለተኛው የመንገድ መብራት መሆኑ ተደርሶበታል። ሁሉም ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ለዘመድ ተልከዋል፤ ዘመድም «ዋው» ብሏል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጳጉሜን 2 እሑድ፣ ጨረቃ ከምሽቱ 2፡30 ጀምሮ ለ82 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ቀልታ ነበር። ደመና ካልከለለው በቀር እራቱን በልቶ ቀና ያለ ሁሉ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሊያያት ይችል ነበር። ከተመልካቹ ምንም ዓይነት ችሎታ ስለማይጠይቅ በዚህ ጥናት አልተካተተም።