የዘሮች ምርጫ

ዘር ሁሉ የሚሆነውን ዛፍ ራሱ በሚመርጥበት ዘመን፣ በአዊ ደጋ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ቀርከሃና ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ እያንዳንዳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው። ክረምት ሲቃረብ ዘሮች የምርጫ ቅጽ ይሞላሉ።

አሮጌው ኮሶ ያሳደጋት አንዲት ዘር ነበረች።

«አባባ፣ የት ልግባ?»

«አንቺስ ምን አሰብሽ ልጄ?»

«ስመረቅ ቶሎ ሥራ የማገኝበት ይሁንልኝ። እርስዎም አርጅተዋል።»

ይህን ጥያቄ የሚንቁ አሉ፤ ለዕውቀት ብሎ መማር የቀረ ይመስላቸዋል። እኔ አልንቀውም። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት አገራችን፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ምርጫ የሚሞላ ልጅ አባቱ በሬ ሸጦ አስተምሮት ከሆነ ስለ ሥራ መጠየቁ ለወገኑ ማሰቡ ነው።

ዘሯ መጀመሪያ ወደ ዋንዛ ሄደች። «እኔ ዘንድ ትምህርቱ ረጅም ነው» አላት። «የተከለሽ ሰው አይቆርጥሽም፤ የሚቆርጥሽ ልጁ ነው። ስታብቢ ንብ ይመጣልሻል፤ ስትመረቂ ጠረጴዛ ትሆኛለሽ፣ ከበሮ ትሆኛለሽ።» የአባባ ኮሶ ዕድሜ ትዝ አላትና አመስግና ወጣች። ወይራና ቀርከሃ ጋ አልደረሰችም፤ መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ ሰምታ ነበር።

በዲከረንስ በር ላይ አይሱዙ ቆሟል። አፋቸው በቅጠል ተደፍኖ በገመድ የተሰፋ የከሰል ጆንያዎች እስከ ሰማይ ተደርድረዋል፤ ሾፌሩ ሸራ እየወጠረ ነው። ዘበኛው የተጫነውን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብሎ ይቆጥራል።

«5 ዓመት ነው» አላት ዲከረንስ። «የመጀመሪያውን ክረምት ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ትማሪያለሽ። ቀጥሎ ከሥርሽ ሣር ይበቅላል፣ ከብት ይጠግብበታል፤ መሬቱንም ታዳብሪያለሽ። ከዚያ ከሰል ሆነሽ አዲስ አበባ ትገቢያለሽ፤ የስንቱን ቤት ድስት ታበስያለሽ።»

በተናገረው አንድም ሐሰት አልነበረበትም። ከሰል ሆኖ የሰው ቤት ማሞቅም የተከበረ ሥራ ነው። ቅጹን ሞላች። በዚያ ክረምት የአገሩ ዘር ሁሉ ያንኑ ሞላ፤ ዋንዛ ባዶ ግቢውን ሲጠርግ ከረመ።

ከግቢው ጀርባ የቀጠኑትና የጎበጡት ተማሪዎች ተቆልለው እንደነበር ያየችው ከገባች በኋላ ነው። መኪናው ትቷቸው ስለሄደ ዘበኛው አይቆጥራቸውም። ከእሷ በፊት የገቡት ሲመረቁም ጆንያው በዝቶ ሾፌሩ ማማረጥ ጀምሮ ነበር።

ሦስተኛ ዓመቷ ላይ፣ በ2012 ዓ.ም. አካባቢ፣ ዋግ ገባ። ቅጠሉን ቡናማ ዝገት አለበሰው፤ ቅርንጫፉን አሳበጠው። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ለመሻገር ምንም አልተቸገረም፤ ከዳር እስከ ዳር ያው ቅጠል ነበር። ወይራ መሀል ቢቆም፣ ዋንዛ መሀል ቢቆም መንገድ በዘጋበት ነበር። ስንቱ ጎበዝ ተማሪ ሳይመረቅ ደረቀ! ያ ሁሉ ልፋት ያንገበግባል።

እሷ ተርፋለች። በቀጣዩ ክረምት አዳዲስ ዘሮች ቅጻቸውን ይዘው ሲመጡ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ስለ ሥራው መጠየቃችሁ ደግ ነው» አለቻቸው። «ዘበኛውን ብቻ ሰምታችሁ ግን እንዳትፈርሙ።»

ከመካከላቸው ትንሹ ወደ ዲከረንስ ቀረበ። «ጋሼ፣ የተጫኑትን ሰምተናል። ያልተጫኑት የት ደረሱ? እኛ ሁላችን እዚህ ከገባን በ5 ዓመት ይህን ሁሉ ጆንያ ማን ይገዛዋል?»

ዲከረንስ እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ዘበኛውን ጠርቶ መዝገቡን አስመጣ፤ የቀሩት ስም የሚጻፍበት ገጽ እንኳ አልነበረውም። ዘሮቹ ወደ ዋንዛ ተሻግረው ያንኑ ጠየቁ። ዋንዛም መዝገብ አልነበረውም። ለሁለቱም እስከ ሐምሌ ቀጠሮ ሰጧቸውና ቅጻቸውን ሳይሞሉ ወደ ወይራ ግቢ አመሩ።