ጥቁሩ በደንብ ጠቁሯል

ለዲስክ ገምጋሚ እስከ ዛሬ ወግ ያለው ምስጋና የቀረበለት አይመስለኝም። ሲኒማ ቤት ገብቶ ፊልም የሚተቸው ሰው ብዙ ተወድሷል፤ ምን አድርጎ እንደሆነ ግን አይገባኝም። እሱ እኮ ተራ ሰው ነው፤ ይስቃል፣ ይደነግጣል፣ ጨለማውን ተገን አድርጎ ዓይኑን ይጠርጋል። የዲስክ ገምጋሚው ከዚህ ሁሉ ድካም ነፃ የወጣ ነው። ዲቪዲው ወይም ብሉ ሬዩ እጁ ሲገባ ሽፋኑን ያገላብጣል፣ ምስሉን ይፈትሻል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ “ተጨማሪ” የተባለውን ይቆጥራል። ታሪኩን? ታሪኩን በሦስት መስመር ይገላገለዋል፤ እሷም ከሽፋኑ ጀርባ የተቀዳች ናት።

የዚህ ሰው ችሎታ ከምንም በላይ የሚታየው ስለ ቅጥር ነፍሰ ገዳይ የተሠራ ጥቁር ኮሜዲ ሲደርሰው ነው። “ኢን ብሩዥ”ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው፤ ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ ከቴአትር የመጣው ማርቲን ማክዶና ሲሆን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። ሬይና ኬን የሚባሉ ሁለት አይሪሽ ገዳዮች ለንደን ውስጥ ሥራ ተበላሽቶባቸው፣ በገና ሰሞን ቤልጅየም፣ ብሩዥ ከተማ ሄደው እንዲደበቁ አለቃቸው ይልካቸዋል። ብሬንዳን ግሊሰን የሚጫወተው ኬን ከተማዋን ይወዳታል፤ በቦዩ በጀልባ ይዞራል፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ይሳለማል፣ ሙዚየም ይገባል። ኮሊን ፋረል የሚጫወተው ሬይ ያኮርፋል፣ ይነጫነጫል፣ ያገኘውን ቱሪስት ይሳደባል። እኛም ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን፤ የተበላሸው ሥራ ምን እንደነበር እስክናውቅ ድረስ።

ሬይ የታዘዘው አንድ ቄስ እንዲገድል ነበር። ለኑዛዜ ተንበርክኮ፣ ኃጢአቱ ነፍስ ማጥፋት መሆኑን ተናግሮ፣ ሟቹ ራሳቸው ቄሱ መሆናቸውን ነግሯቸው ይተኩሳል። አንዷ ጥይት ግን ቄሱን አልፋ፣ ተራውን እየጠበቀ ይጸልይ የነበረ ትንሽ ልጅ ትመታለች። ልጁ ቁራጭ ወረቀት ይዟል፤ የሚናዘዘውን ኃጢአት እንዳይረሳ ጽፎት ነው የመጣው። ማኩረፍ፣ በሒሳብ መድከም፣ ማዘን። ሬይ ያነበዋል። ልጁ በኃጢአትነት የመዘገበው ማኩረፍና ማዘን፣ ሬይ ብሩዥ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያደርገው የምናየው ነው። እስካሁን የሳቅንበት ኩርፊያ ያን ጊዜ ተመልሶ በራሳችን ላይ ይመጣል።

ገምጋሚያችንም እዚህ ቦታ ላይ ሪሞቱን አንስቶ ፊልሙን ያቆመዋል። ምስጋና ይግባውና ለማልቀስ አይደለም። ጠጋ ብሎ የእጅ ጽሑፉን ይመረምራል፤ ያለ ብዥታ ይነበባል። የቄሱን ልብስ ያያል፤ ጥቁሩ በደንብ ጠቁሯል። ከዚያ ወደ ኋላ መልሶ ተኩሱን በድጋሚ ያደምጣል፤ ከፊት ስፒከር ተነስቶ ወደ ኋላው ሲያልፍ ደስ ይላል። የፋረልን ፊት ያየዋል፤ ቅንድቡ በፀጉር በፀጉር ይቆጠራል። (ፋረል በዚህ ሚና ጎልደን ግሎብ የተሸለመው በቅንድቡ ጥራት ይሆናል።) ውጤት፦ ለምስል አራት ኮከብ ተኩል። ግማሿ የጎደለችው በልጁ ሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ማዕዘን ላይ ምስሉ ትንሽ ስለሻከረ ነው። ለቅሶ ቤት ደርሶ፣ የድንኳኑን ሸራ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ፣ “ይኼስ ዝናብ አያሳልፍም” ብሎ የሚወጣ ሰው ቢኖር እንዴት ባለ ፊት እንሸኘው ነበር?

ለፍትሕ ያህል፣ ጥራት መጠየቅ ነውር አይደለም። ከመንገድ ዳር ኮፒ ሲዲ ገዝቶ፣ ከሲኒማ አዳራሽ በድብቅ የተቀረጸ ሆኖ አግኝቶት፣ በዋናው ተዋናይ ፊት ላይ የማያውቀው ሰው ጭንቅላት ሲመላለስ ያመሸ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጭንቅላቱ ከተነሳልን በኋላ ግን ማየት የነበረብን ፊልሙን ነበር።

ገምጋሚያችን ሃይማኖት አለው፤ ሃይማኖቱም ቁጥር ነው። ዲቪዲ በአሜሪካ ደረጃ 480 መስመር፣ ብሉ ሬይ 1080፣ ቀጥሎ የመጣው 2160። “ኢን ብሩዥ” አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በገባበት በዚያው ፌብሯሪ 2008 ቶሺባ ከብሉ ሬይ ጋር ሲፎካከርበት የኖረውን ኤችዲ ዲቪዲን ማቆሙን አስታወቀ። ሐዘን አያውቅም ብላችሁ ገምጋሚያችንን አትሙት፤ በዚያ ወር አንጀቱ በልቶት ነበር፣ ለቶሺባ።

ተጨማሪዎቹ ላይ ሲደርስማ ፊቱ ይበራል። የተቆረጡ ትዕይንቶች አሉ፤ ተዋንያኑ የተሳሳቱባቸው ቦታዎች አሉ፤ በብሩዥ ቦዮች ላይ የሚደረግ የጀልባ ሽርሽር አለ፤ በፊልሙ ውስጥ የተነገሩት ስድቦች ከያሉበት ተለቅመው የተቀናበሩበትም አለ። ስለ አንድ ሕፃን ሞት በተሠራ ፊልም ስድቡን ለብቻው አጥርቶ ማቅረብ የአከፋፋዩ ቸርነት ነው። ገምጋሚያችን ቸርነቱን አልዘነጋም፤ ምነው ትንሽ በረዘመ ብሏል።

አለቃው ሃሪ ጋ እንምጣ፤ ሬፍ ፋይንስ ነው የሚጫወተው። ይህ ሰው በትእዛዝ ሰው ያስገድላል፤ ልጅ የገደለ ግን መኖር የለበትም የሚል ሕግ አለው። ሬይን ብሩዥ የላከው ለካስ ለመደበቅ አልነበረም፤ ከመሞቱ በፊት ሃሪ በልጅነቱ የወደዳትን ከተማ አይቶ እንዲደሰት ነው። ከዚያ ኬን ጓደኛውን እንዲገድል ይታዘዛል። ሽጉጡን ይዞ መናፈሻ ውስጥ ከኋላው ሲቀርብ፣ ሬይ ሽጉጥ በራሱ ላይ ደግኖ ያገኘዋል፤ ሊገድለው የመጣው ሰው “ተው!” ብሎ ያስጥለዋል። ትስቃለህ፣ በሳቅህም ታፍራለህ። ገምጋሚው ምን አየ? የመናፈሻው አረንጓዴ የተፈጥሮውን መልክ እንደያዘ አየ። የቆሰለው ኬን 83 ሜትር ከሚረዝመው የደወል ማማ ላይ፣ ለሬይ ማስጠንቀቂያ ለመሆን ራሱን ሲወረውር፣ ታች ያሉ ሰዎች እንዳይጎዱ አስቀድሞ ሳንቲም ይበትናል። ገምጋሚው ያየው ጉሙን ነው፤ ጉሙ ላይ ነጠብጣብ በዝቷል።

ሃሪ ጨካኝ ነው፣ ሕጉም ጭፍን ነው። ቢሆንም ልጁ ሲሞት አንድ የማይመለስ ነገር እንደተፈጸመ አውቋል፤ ዋጋውም ኋላ በራሱ ላይ ደርሷል። በሰው ሞት የሚነግድ ሰው ያልሳተውን፣ በዲስክ ላይ የሚጽፍ ሰው እንዴት ሳተው?

በመጨረሻ ፍርዱ ይመጣል፤ እሱም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። “ለሁሉም ሰው የሚሆን ፊልም አይደለም”፤ “ታራንቲኖን ያስታውሳል”፤ “ጥቁር ቀልድ ለሚወዱ ይመከራል”፤ “ለስብስብዎ የሚገባ”። የፊልሙን ስም አውጥታችሁ የሌላ ገዳይ ፊልም ስም ብትተኩበት አንዲት ቃል አትነቃነቅም። መጨረሻውን እንዳያበላሽብንም እጅግ ይጠነቀቃል፤ እንዳያበላሸው መጀመሪያ ልብ ብሎት በነበረ።

እንግዲህ ገምጋሚ ሆይ፣ ኮከብህን አልነካብህም። ስፒከርህንም፣ ሸራ የሚያህለውን ቴሌቪዥንህንም እግዜር ይባርክልህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ በሚቀጥለው ግምገማህ ከምስሉና ከድምፁ በኋላ፣ ከተጨማሪዎቹ በፊት፣ ለልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ቦታ ተውለት።