የበቆሎው ቅል

በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ወንዝ ዳር፣ ሴልማ ከተማ አጠገብ፣ የአእዋፍ ሸንጎ የሚቀመጥበት አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ጎጆ የት እንደሚሠራ፣ ማን ከየትኛው ኩሬ እንደሚጠጣ የሚወሰነው እዚያ ነው። ሕጉ ያማረ ነበር፤ «ክንፍ ያለው ሁሉ ይናገር» ይላል።

በሩን የሚጠብቀው ግን ጭልፊት ነው። ነጭ ሳቢሳ ስትመጣ «ልጆች ደኅና?» ብሎ ያስገባታል። ቁራ ስትመጣ በበቆሎ የተሞላ ቅል ያነሣና «እዚህ ውስጥ ስንት ፍሬ አለ?» ይላታል። ተቆጥሮ ይታይ ብትል ቆጣሪው እሱው ነው።

አንዲት አሮጊት ቁራ በየዓመቱ ትመጣለች፣ በየዓመቱ ትመለሳለች። አንድ ቀን ቅሉን ትክ ብላ አየችና «ጌታው፣ እርስዎስ ስንት እንደሆነ ያውቁታል?» አለችው። ጭልፊቱ ዝም አለ።

ሳቢሳዎቹ ከላይ ሆነው «የቁራ መልእክተኛ! ኖኅ ልኮሽ የቀረሽ፣ ዛሬ ሸንጎ ልትቀመጪ?» አሏት።

«ቀረች ተብያለሁ» አለች አሮጊቷ። «ኤልያስ በረሃብ ዘመን በፈፋው ዳር ሳለ እንጀራና ሥጋ ያመላለሰለትስ ማን ነው? እግዚአብሔር ነቢዩን በእኛ ምንቃር መግቧል። እሱ ያልተጸየፈንን፣ እናንተ በየማለዳው እያመሰገናችሁት በማን ስም ነው በር የምትዘጉብን?»

በዚህ መሀል በኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ሥር የምታድር እርግብ ዓይኗ በጭስ ቀልቶ መጣች።

«ሰዎቹም ዘንድ ያው ነው» አለች። «በዚህ አውራጃ ለመምረጥ ከደረሱት ጥቁሮች የተመዘገቡት ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው። የቀረውን መዝጋቢው በፈተና ይመልሰዋል። እሑድ፣ ማርች 7 ቀን 1965፣ ወደ 600 የሚሆኑ ሰዎች የመምረጥ መብት ለመጠየቅ ሁለት ሁለት ሆነው ድልድዩን ወጡ። ከፊት ከነበሩት አንዱ ጆን ሉዊስ ነው፤ ያ ትሮይ አጠገብ በልጅነቱ ለዶሮዎች ይሰብክ የነበረው። ፖሊሶቹ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ጠበቋቸው። የሉዊስን የራስ ቅል ሰነጠቁት። ማክሰኞ ሌሎች ተጨምረው ተመልሰው መጡና ፖሊሶቹ ፊት ተንበርክከው ጸለዩ።»

 ከዚያ በኋላ የየሃይማኖቱ አባቶች ወደ ሴልማ ጎረፉ። የግሪክ ኦርቶዶክሱ ሊቀ ጳጳስ ኢያኮቮስ ጥቁር ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጎን ቆሙ። 

እርግቧ ይህን በነገረቻቸው ማግስት ቁራዎቹ በሙሉ መጥተው በሸንጎው በር ላይ ተሰለፉ። ጭልፊቱ በጥፍሩ ቧጠጣቸው። በሦስተኛው ቀን ላባቸው እንደተነጨ እንደገና ተሰለፉ። ያን ጊዜ አንዲት ወጣት ሳቢሳ ከዛፉ ወርዳ ከሰልፉ ጭራ ቆመች።

«አንቺማ ግቢ» አላት።

«ጋሼ ጭልፊት፣ እኔም ፍሬውን አልቆጠርኩም። እነሱን የጠየቁትን ይጠይቁኝ።»

ሌሎች ሳቢሳዎችም ተከተሏት። ሁሉን ቢጠይቅ ዛፉ ባዶ ሊቀር ነው። ጭልፊቱ በቆሎውን መሬት ላይ ደፋው። ሰዎቹም ዘንድ ኦገስት 6 ቀን የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ።

አሮጊቷ ሸንጎ ገብታ የመጀመሪያ ቃሏ «በሩን በተራ እንጠብቅ፤ ጭልፊትም ከእኛ ጋር ተቀምጦ ይናገር» የሚል ሆነ። ቁስላቸው ያልደረቀ ቁራዎች አጉረመረሙ። «የነጨንን?» አሉ። «አዎ፣ የነጨንን» አለች። ክርክሩ እስኪመሽ ቆየ፤ በመጨረሻ ድምፅ ተሰጥቶ ሐሳቧ በጥቂት ድምፅ አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንዳንድ ግዛቶችን የምርጫ ደንብ ለውጥ አስቀድሞ ይቆጣጠር የነበረውን የሕጉን ክፍል ሥራ አሳጣው። ወሬውን እንደሰሙ የአሮጊቷ የልጅ ልጆች፣ ወጣት ሳቢሳዎችና ሁለት ጭልፊቶች የበሩን ተራ ከቀን ወደ ሌሊትም አራዘሙት።