ያልተሰካ ጆይስቲክ

የመንዝ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን የሣር ሜዳ የጠበቁት በቀላል ዘዴ ነው፦ ይዘጉታል፣ ይከፍቱታል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እስኪደርስ 3፣ 4፣ አንዳንዴም 5 ዓመት ማንም ማጭድ አያሳርፍበትም። ቀኑ ሲደርስ ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ቃል ይከፈታል። ይህን ሥርዓት የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አናጋው ይባላል። ሥርዓቱ ከሜዳው ተነሥቶ ሳሎን መግባቱን ግን ልብ ያለው ተመራማሪ የለም። የቤት ቴሌቪዥን እስከ ዛሬ በዚያው ሕግ ይተዳደራል።

በሳሎኑ ሕግ አለቃዋ እናት ናት። በዜና ሰዓት መስኮቱ ለአባት ይከፈታል። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት ከጀመረና የቱርክ ድራማ በአማርኛ መናገር ከለመደ ወዲህ ደግሞ ምሽቱ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ለፕሌይስቴሽን የሚተርፈው ግጦሽ ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ እሱም እንግዳ ካልመጣ፣ የቤት ሥራ ካለቀና መብራት ካለ። ሦስቱ የተገጣጠሙለት ልጅ ዳንቴሉን ከቴሌቪዥኑ ላይ ገልጦ ወንበር ላይ ያጥፈዋል። ዳንቴሉን መሬት ላይ ከጣለ ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል።

በእጅ የሚያዘው ትንሹ መስኮት የተፈጠረው ከዚህ ሕግ ለመሸሽ ነው። ዓይነቱ ሦስት ነው። አንደኛው ከውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ የሚወጣው ነው፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ባለ 4.3 ኢንቹ ፒኤስፒ እዚህ ይመደባል። ስለሱ ለማውራት ዘመድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ስልክ ነው፦ ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለው ፕሮግራም ይጫንበትና ስልኩ ፒኤስፒ ነኝ ይላል፤ ማንም አይከራከረውም።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ገበያ የወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታል ነው። መስኮቱ 8 ኢንች ነው፣ ያምራል፣ ግራና ቀኙ የጆይስቲክ ግማሽ ግማሽ ነው። የተሠራው ግን ጨዋታውን ራሱ እንዲያጫውት አይደለም። ቤት ያለው ፕሌይስቴሽን 5 የሚጫወተውን በኢንተርኔት እየተቀበለ ያሳያል፤ ለዚህም በትንሹ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ፍጥነት ይፈልጋል። በወጣ ሰሞን ፕሌይስቴሽን 5 ሳይኖረው እሱን የገዛ ሰው ላም ሳይኖረው ማለቢያ ገዛ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ፕሌይስቴሽኑም ዋይፋዩም ባንድ ላይ ይሞታሉ፣ ፖርታሉ ብቻ ባትሪው ሞልቶ ባዶ መስኮቱን እያበራ ይቀራል። በአገራችን ሙሉ ቻርጅ ይዞ ሥራ የሚፈታ ዕቃ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በደጋ የትንሹ መስኮት መኖሪያ ባና ሥር ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ አካባቢ ማታ እጅን ከባና ማውጣት ውሳኔ ይጠይቃል። ተጫዋቹ ተሸፋፍኖ ሲተኛ ሰማያዊ ብርሃን በሱፉ ቀዳዳ ያፈተልካል። እናት ታየዋለች። አንዳንዴ ዝም ትላለች፣ ቢያንስ አልበረደውም ብላ።

የትልቁንና የትንሹን መስኮት ልዩነት ለመረዳት ወደ አውሬው መሄድ ይጠቅማል። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሥራ፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። በፕሌይስቴሽን ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባና ሥር ብቻውን አምስት ጎል የሚያገባ ጎረምሳ፣ ከጀርባው «አቀብል! አቀብል እንጂ!» የሚል መንጋ ሲቆም ባዶ ጎል ይስታል። ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ ያየ ሰው፣ ጎል የሳተውን ልጅ የሚያዩትን ፊቶች ለማወቅ አይቸገርም። ከዚያ ላይ ሕጉ ተሸናፊ ይከፍላል ነው።

የዚህ ጥናት ዋና ጉዳይ ግን ሌላ ነው፦ ያልተሰካ ጆይስቲክ የያዘው ታናሽ ወንድም።

ይህ ዝርያ የሚገኘው በትልቁ መስኮት ፊት ብቻ ነው። ዕድሜው ከ3 እስከ 6 ዓመት ነው። ለቅሶውን ለማስቆም ገመዱ ዳንቴሉ ሥር የተቀበረ ጆይስቲክ ይሰጠዋል። ሁሉንም ቁልፍ ባንድ ጊዜ ይጫናል፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ ከነወገቡ ወደ ቀኝ ያጋድላል። የትኛው ተጫዋች እንደሆነ ሲጠይቅ በተለያየ ሠፈር ያሉ፣ ተያይተው የማያውቁ ታላላቅ ወንድሞች አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፦ «አንተ በረኛው ነህ።»

መልሱ የረቀቀ ነው። በረኛውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ጨዋታው ስለሆነ፣ ልጁ ምንም ነካ ምን በረኛው ይወረወራል። በረኛው ኳስ ሲያድን ለልጁ ይጨበጨብለታል። ጎል ሲገባ ግን ታላቅየው ዞር ይልና «ማሙሽ፣ ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል። ማሙሽም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ምንም ያልነካ ሰው በሽንፈት የሚወቀስበት ሥራ በመሥሪያ ቤትም አለ፤ እዚያ ግን ደመወዝ ይከፈላል።

ይህን ሥርዓት ያናጋው ቴክኖሎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፕሌይስቴሽን 3 ጋር የመጣው ጆይስቲክ ገመድ አያስፈልገውም፤ የሚደበቅ ነገር ስለጠፋ ውሸቱ ቀለለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ግን ግንባሩ ላይ መብራት አለው፦ ለአንደኛ ተጫዋች ሰማያዊ፣ ለሁለተኛ ቀይ። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ቀለም ይቆጥራል። «የኔ ለምን አይበራም?» የሚለው ጥያቄ በየሳሎኑ የተጠየቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ትንሹ መስኮት ከመጣ ደግሞ የሚታደል ጆይስቲክ እንኳ የለም። አንድ መሣሪያ፣ አንድ ሰው። ታላቅየው ባና ሥር ገብቶ «ፓወር ባንኩን ያዝልኝ» ይላል። እዚህ ላይ ያላሰበው ነገር አለ፦ ማሙሽ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት የተሰካ ነገር ያዘ። ባትሪው 4 በመቶ ላይ ሲደርስ ገመዱን ይነቅላል፣ ድርድርም ይጀመራል።

በስምምነቱ መሠረት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳሎን ተከፈተ፣ ዳንቴሉ ታጠፈ፣ ለማሙሽም ቀይ መብራት የበራበት ጆይስቲክ ተሰጠው። እሱ ግን አላመነም። ጨዋታው እንደተጀመረ ኳሷን ተቀበለና፣ ለማረጋገጥ ያህል፣ ዞሮ የራሱ ጎል ውስጥ መታት።

ገባች። ማሙሽ ሶፋው ላይ ወጥቶ ጨፈረ።